ለጉልበተኛ ሞተር ምን ዓይነት ፍሪሲዮን?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በመርሳ፣ በወልድያ፣ በሐብሩ ቀበሌዎችና በዙሪያው ሞተር ሳይክል የእንጀራው መሣሪያ ለሆነ ሰው የተሰናዳ ነው። ሰውና ዕቃ የምታመላልሱ ወጣቶች፣ ከቀበሌ ቀበሌ የምትዞሩ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች፣ ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር የምትነዱ ወንድሞች፣ እነዚህን ሁሉ የምትጠግኑ መካኒኮች፣ ጆሯችሁን ስጡን። ርዕሳችን ፍሪሲዮን ነው። ከፋብሪካው የተሻለ፣ ብዙ ጉልበት የሚችል ፍሪሲዮን መቼ ያስፈልጋል? ሲያስፈልግስ እንዴት ይመረጣል?

ጉዳዩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ዳገት ላይ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ባለቤቱ ጋራዥ ሄዶ "ጠንከር ያለ ፍሪሲዮን አስገባልኝ" ይላል። መካኒኩ ጠንካራ ሞላ ያስገባለታል፣ ወይም ሸራውን ይቀይርለታል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያው ጩኸት ይመለሳል። ሞተረኛው ዕቃው ፎርጅድ ነው ይላል፤ ሻጩ አነዳዱ ነው ይላል፤ መካኒኩ ጭነቱ ነው ይላል። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት ሊኖራቸው ይችላል፤ ነገር ግን ፍሪሲዮኑ ለምን እንደተሸነፈ ሳይታወቅ የተገዛ ዕቃ ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ ከምርጫው በፊት አሠራሩን እንይ።

በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ፍሪሲዮኑ የሚገኘው በስተቀኝ ባለው የሞተሩ ክዳን ውስጥ፣ ዘይት እየተረጨበት ነው። ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ሞላዎቹ በቡሎን የታሰሩበት ተጫኝ ሰሌዳ ነው። እሱ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ቀለበቶች ተራ በተራ ተደርድረው ይገኛሉ፤ አንዱ ሸራ የተለጠፈበት፣ ሌላው ልሙጥ ብረት። ባለ ሸራው በውጪ ጥርሱ የፍሪሲዮኑን ቤት ይይዛል፤ ቤቱን የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ልሙጡ ብረት ደግሞ በውስጥ ጥርሱ መሃለኛውን ክፍል ይይዛል፤ እሱ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘ ነው። ሞላዎቹ ሁሉንም ሲጨምቋቸው ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ፣ ጉልበትም ወደ ጎማ ይሄዳል። በግራ እጃችሁ ሌቫውን ስትስቡ ካቦው ተጫኝ ሰሌዳውን ያነሳዋል፣ ቀለበቶቹ ይላቀቃሉ፣ ማርሽ ይገባል።

የዚህ ክፍል አቅም በአራት ነገሮች ይወሰናል። ሞላዎቹ የሚጫኑበት ኃይል፣ ሸራው ብረቱን የሚይዝበት ባሕርይ፣ የሚነካኩት ገጾች ብዛት፣ የቀለበቱ ስፋት። አራቱ እርስ በርስ የሚባዙ ናቸው። እስቲ በቁጥር እንየው። አምስት ባለ ሸራ ቀለበቶች ያሉት ፍሪሲዮን አሥር የሚነካኩ ገጾች አሉት። አንድ ቀለበት ብንጨምርበት አሥራ ሁለት ይሆናሉ፤ አቅሙ በ20 በመቶ አደገ ማለት ነው። ሞላውን ብቻ ቀይረን 15 በመቶ በሚጠነክር ብንተካው አቅሙ በ15 በመቶ ያድጋል፤ ሌቫውን ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበትም በዚያው መጠን ይጨምራል። ሁለቱን በአንድ ላይ ብናደርግ 1.2 በ1.15 ሲባዛ 1.38 ነው፤ 38 በመቶ ገደማ ተጨማሪ አቅም ይገኛል። በዓለም ገበያ ላይ "የተሻሻለ ፍሪሲዮን" ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ዕቃ ከእነዚህ አራት ነገሮች አንዱን ወይም ሁለቱን የቀየረ ነው።

አሁን ወደ እኛ መንገድ እንመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

መርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ወልድያ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ። በስሪንቃ በኩል በመካከላቸው ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በስተደቡብ ከውርጌሳ ወደ ውጫሌ የሚወጣውን ዳገት የማያውቅ ሞተረኛ የለም። ከወልድያ በድልብ አድርጎ ወደ ጋሸና የሚወጣው ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያስይዛል። በዚህ መንገድ ላይ ከቆላው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከመርሳ ብርቱካንና ማንጎ፣ ከደጋው እህል በሞተር ጀርባ ይጓዛል። ሰውም ይጨመርበታል።

ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ለምሳሌ በአካባቢያችን በብዛት የምናየው ባጃጅ ቦክሰር 150 በፋብሪካው መረጃ 12 ኒውተን ሜትር ገደማ የመጠምዘዝ ጉልበት አለው። ያ ቁጥር የተለካው በባሕር ጠለል አካባቢ ባለ አየር ነው። ወልድያ ላይ ያው ሞተር ወደ 10 ይጠጋል፤ ወደ ጋሸና ሲወጣ ከዚያም ይወርዳል። ፍሪሲዮኑ የተሠራው ግን ሙሉውን 12 ከነመጠባበቂያው እንዲችል ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የጫናችሁት ኩንታል የሞተሩን ጉልበት አይጨምረውም። ሁለት ሰው ብታፈናጥጡም፣ ሦስት ማዳበሪያ ሽንኩርት ብታስሩም፣ ሞተሩ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚልከው ከራሱ አቅም በላይ አይሆንም። ፍሪሲዮኑ ደህና ከሆነ፣ ሌቫው ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀ፣ በጭነት ብዛት ብቻ መንሸራተት የለበትም። ታዲያ በዚህ አገር ለምን ቶሎ ያልቃል? የሚጎዳው ሙቀት ነው። ሙቀቱ የሚመጣው ደግሞ ሌቫው በግማሽ ተይዞ ከሚቆይበት ጊዜ ነው።

በጭነት የከበደ ሞተር ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሳ ነጂው ቤንዚን ይሰጣል፣ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይይዛል። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ጊዜ እየዞረ 10 ኒውተን ሜትር እየሰጠ፣ ጎማው ገና ካልተንቀሳቀሰ፣ የሚባክነው ጉልበት 4 ኪሎዋት ያህል ነው። እናቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ያ የምጣድ ሙቀት መዳፍ በሚያክሉ ጥቂት ስስ ቀለበቶች ላይ ያርፋል። ለሁለት ሦስት ሰከንድ ከሆነ ዘይቱ ይወስደዋል። ለአሥርና ለአሥራ አምስት ሰከንድ ከሆነ፣ ያም በየመቶ ሜትሩ ከተደጋገመ፣ ሸራው ያራል፣ ብረቱ ይጣመማል፣ ሞላው ይደክማል። ደጋግሞ "ፍሪሲዮን በላ" የሚባል ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው።

ይህን ከተረዳን ምርጫው መልክ ይይዛል። ሁለት ዓይነት ፍላጎት አለ። አንደኛው ሞተሩ በእውነት ጉልበቱ ጨምሯል፤ ሲሊንደሩና ፒስተኑ በትልቅ ተተክቷል፣ ወይም ከ150 ወደ 200 ሲሲ ተዛውሯል፣ ወይም ከመነሻው ትልቅ ሞተር ነው። እንዲህ ላለው የመያዝ አቅም መጨመር ተገቢ ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ያው ነው፣ ሥራው ግን ከብዷል። ለዚህኛው ሙቀት የሚችል ፍሪሲዮንና መንሸራተቱን የሚያሳጥር ዘዴ ያስፈልገዋል። በእኛ አካባቢ ከአሥር ሞተረኛ ዘጠኙ ሁለተኛው ውስጥ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ለመጀመሪያው ፍላጎት የተሠራውን ዕቃ ለሁለተኛው መግዛት ነው ብዙ ገንዘብ የሚያባክነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የምትፈትሹት አለ። በቅድሚያ መንሸራተቱን አረጋግጡ። ሜዳ መንገድ ላይ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ በመካከለኛ ፍጥነት እየሄዳችሁ ቤንዚኑን በአንድ ጊዜ ሙሉ ስጡ። ድምፁ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ድምፁም ፍጥነቱም አብረው እየዘገዩ ከጨመሩ ግን ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ አይደለም። የአየር ማጣሪያው ተደፍኖ፣ ካርቡራቶሩ ተበላሽቶ፣ ወይም የፍሬን ሸራ ጎማውን ይዞት ሊሆን ይችላል። ጎማውን በእጅ አሽከርክሮ ማየት የማንም ሥራ ነው።

ቀጥሎ ካቦው። ሌቫው ላይ መጠነኛ ልቅነት መኖር አለበት፤ በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ በሌቫው ጫፍ ሲለካ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር። ካቦው ተወጥሮ ልቅነት ካጣ፣ እጃችሁ ሌቫውን ባይነካውም ፍሪሲዮኑ በጥቂቱ እንደተሳበ ይቀራል። አዲስ ሸራ አስገብቶ ካቦውን ወጥሮ መላክ አዲሱን ሸራ በሳምንታት መጨረስ ነው። ሸራው እያለቀ በሄደ ቁጥር ይህ ልቅነት እየጠበበ ስለሚሄድ በየጊዜው መታየት አለበት።

ከዚያ ዘይቱ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ፍሪሲዮን ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰው በዘይት ምክንያት ነውና። በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች ላይ ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። ለዘመናዊ መኪና የሚሠሩ አንዳንድ ዘይቶች ነዳጅ እንዲቆጥቡ ተብሎ የሚያሙለጨልጭ ቅመም ይገባባቸዋል። ለመኪናው ጥሩ ነው፤ የመኪናው ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ አይደለም። ለሞተር ሳይክል ግን ያው ቅመም ሸራውን ያንሸራትተዋል። የጃፓን አምራቾች ይህን አይተው እ.ኤ.አ. በ1998 ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ዘይት የተለየ ደረጃ አወጡ፤ ጃሶ ይባላል። ጠርሙሱ ላይ "ጃሶ ኤም ኤ" ወይም "ኤም ኤ 2" የሚል ምልክት ካለ ዘይቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን ተፈትኖ አልፏል። "ኤም ቢ" የሚለው በዘይት የሚሠራ ፍሪሲዮን ለሌላቸው ስኩተሮች ነው፤ እሱን ተዉት። ውፍረቱን የሞተሩ መመሪያ ይነግራችኋል፤ ለቦክሰርና ለመሰሎቹ 20ደብልዩ-50 የተለመደ ነው። ከበርሜል ወደ ጀሪካን እየተቀዳ በሊትር የሚሸጥ፣ ስሙ የማይታወቅ ዘይት በምንም ዋጋ ቢሆን አትግዙ። ደረጃው ምን እንደሆነ ሻጩ ራሱ አያውቅም።

የያማሃ ኤጂ 100 እና የዲቲ 125 ባለቤቶች ግን ልዩነት አላችሁ። እነዚህ ባለ ሁለት ምት ናቸው። ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለው ዘይት ሌላ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው የሚነከሩበት ዘይት ሌላ ነው። የካምቢዮው ዘይት ጭስና ጥቀርሻ ስለማይገባበት ዕድሜው ረዘም ይላል፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው ሳይቀይረው ዓመት የሚያሳልፈው። ይህ ልማድ ፍሪሲዮኑን ይጎዳል፤ የሸራው ብናኝና የብረቱ ዱቄት እዚያው ይከማቻልና።

ይህን ሁሉ አይታችሁ አሁንም ከተንሸራተተ ክዳኑ ይከፈት። እዚህ የሚታየውን በደንብ ማየት የሚችል መካኒክ ያስፈልጋል። ልሙጡ ብረት ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ቀለም ይዞ ከወጣ ከመጠን በላይ ሞቋል። የጠቆረ ሸራ ላይ አፍንጫ ሲቀርብ የሚሸተው ያረረ ሽታ ሳይጠየቅ ራሱ ይናገራል። ብረቱን ወፍራም መስታወት ላይ አስተኙትና በዙሪያው ስስ የክፍተት መለኪያ አስገቡ፤ 0.2 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ከሥሩ ካለፈ በብዙ ሞተሮች መመሪያ መሠረት ብረቱ ተጣምሟል፣ ይጣላል። የሸራውን ውፍረት በካሊፐር በሦስት አራት ቦታ ለኩና ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። ሞላዎቹን ከአዲስ ሞላ ጎን አቁሟቸው፤ ያጠረ ሞላ ደክሟል። አንዱ ብቻ ቢያጥርም ሁሉም በአንድ ላይ ይቀየራሉ፤ ጫናው ካልተስተካከለ ተጫኝ ሰሌዳው ተዘንብሎ ይነሳል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የፍሪሲዮኑን ቤት ነው። የቤቱ ጣቶች ከአሉሚኒየም የተሠሩ ናቸው። የባለ ሸራው ቀለበቶች ጥርስ በየጊዜው እየመታቸው ጎድጓዳ ይፈጥርባቸዋል። በጣት ጥፍር ሲዳሰስ ይታወቃል። ጎድጓዳው ሲጠልቅ ቀለበቶቹ እዚያ ውስጥ ይወሸቃሉ፣ ሌቫው ሲሳብም ቶሎ አይለቁም። ማርሽ እየተንቋቋ ይገባል፣ መብራት ላይ ቆሞ ፎሌ ማግኘት ይቸግራል። በእንዲህ ያለ ቤት ላይ የዓለምን ውድ ሸራ ብታስገቡ ለውጥ የለውም። ቀላል ጎድጓዳ በሞረድ ይስተካከላል፤ ጥልቅ ከሆነ ቤቱ ራሱ ይቀየር።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። የሸራ ዓይነት ብዙ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው አብዛኛው ከቡሽ ወይም ከወረቀት መሰል ክር በሙጫ ተጠናክሮ የተሠራ ነው፤ ለስላሳ አያያዝ አለው፣ ቀስ ብሎ ይይዛል፣ ርካሽ ነው፣ ደጋግሞ ከሞቀ ግን ያራል። ከአራሚድ ክር፣ በተለምዶ ኬቭላር ከሚባለው የሚሠራው ሙቀትን በብዙ ይችላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ከነሐስ ዱቄት ተጋግሮ የሚሠራው ደግሞ ከሁሉም በላይ ሙቀት ይችላል፤ ነገር ግን በድንገት ይይዛል፣ ልሙጡን ብረት ይበላል፣ ዘይቱን በብረት ዱቄት ይሞላዋል። ለእሽቅድምድም የተሠራ ነው። ሰው አፈናጦ ዳገት ላይ ለሚነሳ ሞተር ድንገተኛ አያያዝ አደጋ ስለሆነ እኔ አልመክረውም። ከባድ ሥራ ለሚሠራ ሞተር የአራሚዱ ሸራ ከፋብሪካው ጥንካሬ ካለው ሞላ ጋር ሲሆን ጥሩ ሚዛን ይሰጣል ባይ ነኝ። አራሚዱ ካልተገኘ ከታወቀ አምራች የመጣ ኦሪጅናል የፋብሪካ ሸራ ስሙ ከማይታወቅ "የተጠናከረ" ሸራ ይሻላል። ኤፍሲሲ የተባለው የጃፓን ድርጅት ለሆንዳና ለሌሎችም ፍሪሲዮን የሚሠራ ነው፤ የታወቀ አምራች ስል እንዲህ ያሉትን ማለቴ ነው።

ሞላን በተመለከተ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚጠነክር ለብዙ ሥራ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሆነው ካቦውን ይበጥሳል፣ የመግፊያውን ዘንግና ኩሽኔታ ያስጨንቃል፣ ከሁሉም በላይ የሰው እጅ ይጎዳል። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያመላልስ ልጅ ሌቫውን የሚስበው ስንት ጊዜ እንደሆነ አስቡት። ማታ አውራ ጣቱ ሥርና አንጓው ላይ የሚሰማው ሕመም ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። እጁ ሲደክም ደግሞ ሌቫውን ሙሉ በሙሉ መሳብ ይተዋል፣ ማርሹም እየተጋጨ ይገባል። የሞላው ጥንካሬ ዞሮ ካምቢዮውን ሰበረ ማለት ነው።

ተጨማሪ ቀለበት የሚያስገባው ዓይነት ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዚያው ቤት ውስጥ አንድ ቀለበት ለመጨመር ልሙጡን ብረት ማሳሳት ግድ ነው። የመያዝ አቅሙ ይጨምራል፤ ብረቱ ግን ስለሳሳ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይጣመማል። ጉልበቱ ለጨመረ፣ ቶሎ ተነስቶ ለሚሮጥ ሞተር ይስማማል፤ በግማሽ ፍሪሲዮን ብዙ ለሚቆይ የጭነት ሞተር አይስማማም። ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር ያላችሁ ሌላ መንገድ አላችሁ። የእነዚህ ብዙዎቹ ሞተሮች ዘራቸው ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ካወጣው ሲጂ 125 የሚመዘዝ ነው፤ ቻይናዎች ወደ 150፣ ወደ 200 ሲሲና ከዚያም በላይ አሳድገው ይሠሩታል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የቀለበት ብዛታቸው የሚለያይ ፍሪሲዮኖች አሉ። ከትልቁ ሞተር ሙሉውን ፍሪሲዮን፣ ቤቱን ከነመሃለኛው ክፍል፣ ወደ ትንሹ ማዛወር ከሁሉም የሚሻል ማሻሻያ ሊሆን ይችላል፤ ብረቱ ውፍረቱን እንደያዘ ገጾቹ ይበዛሉና። ነገር ግን ቤቱ ላይ ያለው የትልቁ ማርሽ ጥርስ ብዛትና የዘንጉ ስፋት መግጠም አለባቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ጥርስ ሳይቆጥርና ሳይለካ የሚገዛ መካኒክ ገንዘባችሁን እየወረወረ ነው።

በትልልቆቹ ሞተሮች ዓለም መንገዱ ሌላ ነው። ቢኤምደብሊው ለአሥርተ ዓመታት ቦክሰር በሚባሉት፣ ከባጃጅ ቦክሰር ጋር በስም ብቻ በሚገናኙት ትልልቅ ሞተሮቹ ላይ እንደ መኪና ደረቅ ፍሪሲዮን ሲጠቀም ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በአር 1200 ጂኤስ ላይ በዘይት ወደሚሠራው ተሻገረ። አሸዋና ዳገት ላይ በግማሽ ፍሪሲዮን የሚነዳ ከባድ ሞተር ሙቀቱን የሚወስድለት ዘይት ይፈልጋል። ሌላው አዲስ ዘዴ ተዳፋት ጥርስ ያለው መሃለኛ ክፍል ነው። ሞተሩ ሲጎትት ተዳፋቱ ቀለበቶቹን ራሱ ይበልጥ ይጨምቃቸዋል፤ ሞላው ሊላላ ይችላል፣ ሌቫውም ይለሰልሳል። ማርሽ በድንገት ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው ያላላቸዋል፣ የኋላ ጎማው አይንሸራተትም። ይህ ዘዴ ከትልልቆቹ ወርዶ ቲቪኤስ አፓቼ 200 4ቪ ላይ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ገብቷል። አዲስ ሞተር ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከውበቱም ከቀለሙም በፊት ይህ መኖሩን ጠይቁ።

አንድ ማሻሻያ ግን ከፍሪሲዮኑ ውጪ አለ፤ ለእኛ ዳገት ከሁሉም ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው እሱ ነው እላለሁ። ፊተኛውን ፒኞን መቀየር። ለምሳሌ የፊቱ 14 ጥርስ ከሆነ በ13 ቢተካ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት በ7.7 በመቶ ይጨምራል። ከፍተኛ ፍጥነቱ ደግሞ በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የኋላው ኮሮና 42 ከሆነ ሦስት ጥርስ የመጨመር ያህል ነው። ሞተሩ ከቆመበት ቶሎ ስለሚነሳ በግማሽ ፍሪሲዮን የሚቆይበት ሰከንድ ያጥራል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል። ፒኞን ከፍሪሲዮን ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ዕቃ ነው፤ ክዳን ሳይከፈት፣ ዘይት ሳይፈስ ይቀየራል። ከወልድያ ወደ ድልብ የሚመላለስ ሞተር በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሮጥበት ቦታ የለውም፤ የሚያጣው የማይጠቀምበትን ነው። ሰንሰለቱ አርጅቶ ከሆነ ግን አዲስ ፒኞን ላይ አሮጌ ሰንሰለት መግጠም ፒኞኑን ስለሚበላው አብሮ ይቀየር።

ገጠማው ላይ ጥቂት ነጥቦች። አዲሱን ሸራ በምትጠቀሙበት ዘይት ውስጥ ቢቻል ሌሊቱን ነክራችሁ አሳድሩት፤ ደረቅ ሸራ በመጀመሪያው መንሸራተት ያራል። አዲስ ሸራ ሰማያዊ በሆነ አሮጌ ብረት ላይ አታስገቡ፤ ሁለቱ አብረው ይቀየሩ። የሞላዎቹን ቡሎኖች በመስቀለኛ ተራ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ፤ አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ቀጣዩ መሄድ ተጫኝ ሰሌዳውን ይሰነጥቃል። የክዳኑ ጓርኒሲዮን የተቀደደ ከሆነ በማጣበቂያ ብቻ አትሸፍኑት። ዘይት ሲንጠባጠብ የሚጎዳው ፍሪሲዮኑ ብቻ አይደለም። ፍሪሲዮኑ ከተገጠመ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነት አትጫኑ፤ ካቦውንም ደግማችሁ አስተካክሉ።

ነጂዎችን በተመለከተ፣ ዳገት ላይ መቆም ግድ ከሆነ ሞተሩን በፍሬን ያዙት፤ በግማሽ ፍሪሲዮን አታቁሙት። ስትነሱ ሁልጊዜ በአንደኛ ማርሽ ይሁን። ጣታችሁን ሌቫው ላይ አስደግፋችሁ አትንዱ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ፍሪሲዮን ስቦ ወይም ፎሌ አድርጎ መልቀቅ አለ፤ ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ በሚወርደው ቁልቁለት እንዲህ የሚያደርግ ሞተረኛ ራሱንም ያፈናጠጠውንም ሰው ለአደጋ ያጋልጣል። ሞተሩ ራሱ መያዝ ሲችል የፍሬን ሸራው ብቻውን ሙቀቱን ይሸከማል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ማርሽ አስገብታችሁ፣ ፍሪሲዮኑን ለቃችሁ ውረዱ።

ዕቃ ለመግዛት ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ፣ ወይም አዲስ አበባ ወደ ሶማሌ ተራ ሰው የምትልኩ ከሆነ አሮጌውን ቀለበት አስይዛችሁ ላኩ። ስም ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ጥርሱ አንድ የሚያንስ ወይም ዙሪያው በትንሹ የሚሰፋ ዕቃ ይዞ ይመለሳል። የውጪ ጥርሱን ይቁጠር፣ ዙሪያውንና ውፍረቱን በካሊፐር ይለካ፣ ሸራው በየቁራጩ እኩል የተለጠፈ መሆኑን፣ ጠርዙ ላይ ሙጫ አለመፍሰሱን፣ የጥርሶቹ ጠርዝ ልሙጥ መሆኑን አገላብጦ ይይ። ሁሉም ቀለበቶች አንድ ዓይነት ውፍረት ከሌላቸው አይግዛ።

ውድ አድማጮቻችን፣ በሚቀጥለው ጊዜ "ጠንካራ ፍሪሲዮን" ለማለት ጋራዥ ስትሄዱ መጀመሪያ የካቦውን ልቅነት ለመካኒኩ አሳዩት፣ የዘይቱን ጠርሙስ አሳዩት፣ ከዚያ ክዳኑ ሲከፈት አጠገቡ ቁሙና የብረቱን ቀለም በዓይናችሁ እዩ። መካኒኮችም የወጣውን ዕቃ ለባለቤቱ አሳዩ፣ ለምን እንደተበላሸ ንገሩት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)